«ትንሽ ይዞኛል»

በትምህርት ቤቱ ውስጥ መምህርቷን በስሟ የሚጠራት ተማሪ የለም። ከፊቷ «ቲቸር» ይሏታል፤ ከኋላዋ ግን «እንደ» ናት። የቅጽል ስሙ አመጣጥ ምስጢር የለውም። ስለ ዘይቤ ስታስተምር ሰሌዳውን በጠመኔ እየነረተች፣ «ተነጻጻሪ ዘይቤን በምን ታውቁታላችሁ? በ‹እንደ›! እንደ አንበሳ፣ እንደ ወተት፣ እንደ እብድ! ‹እንደ› ካለች ተነጻጻሪ ናት፤ ‹እንደ› ወጥታ ሰውየው ራሱ አንበሳ ከሆነ ደግሞ ተለዋጭ ነው!» ትላለች። ይህንን ስንት ዓመት ስትል ኖራ፣ ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ለጠፉባት። ስሙን ታውቀዋለች። እውነቱን እንናገር ከተባለማ፣ በልጅነቷ ከወጣላት ስም ጋር ሲተያይ በደስታ ነው የተቀበለችው።

በልጅነቷ የወጣላት ስም «መርዶ ነጋሪዋ» ነበር። እሱን ያመጣባት የእናቷ አፍ ነው።

እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። የመንገድ ዳር ክፍላቸው ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ሱቅ ነው፤ መስኮቱ ሥር የእግር መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተሰቀለ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ። አንገቷ ላይ ሜትር ሳይኖር ያያት ሰው የለም፤ ጨርቅ ስትለካ የጣት ታህል አትሳሳትም። ምላሷ ላይ ግን ሜትር የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም። ሻዩ ከሞቀ «ተቃጠልኩ፣ ከሰልኩ!» ነው። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ካላት «ዓይኔ ጠፋ፣ በቃ መሪ ፈልጉልኝ!» ነው። መርፌ ጣቷን ጫር ካደረጋት «በጦር ተወጋሁ!» ብላ ትጮሃለች። ገበያ ደርሳ ስትመለስማ ያው «ሞትኩ» ናት፤ ሞታም ቁጭ ብላ ወሬዋን ትቀጥላለች።

ልጅቷ ታዲያ ይህን ሁሉ ታምን ነበር። የልጅ ነገር! ገና ፊደል ለይታ የጨረሰች ሰሞን ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ዩኒፎርም ተደራርቦ እናትየዋ ቀና ሳትል ዋለች። ከመኪናው ተነሥታ አልጋው ላይ ዘፍ አለችና «ዛሬስ አበቃልኝ! ሞቻለሁ፣ ውሰዱና ቅበሩኝ!» አለች። ልጅ ሆዬ ጫማም አላደረገች፤ መንገዱን ተሻግራ ጸጉር ሠሪዋ ጎረቤታቸው ቤት ገባችና «እማዬ ሞታለች፣ ኑ ቅበሩልኝ!» ብላ ጮኸች። ጸጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ወጣች፣ ባለሱቁ ወጣ፣ ጫማ ጠጋኙ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው ደረቱን እየደቃ ገብቶ ቢያይ፣ ሟች እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ዳቦ ትገምጣለች። ከዚያ በኋላ የነበረው ሳቅ አይወራ! ጸጉር ሠሪዋ ግድግዳ ተደግፋ ነው የሳቀችው። እናትም ሳቀች። ልጅቷ ብቻ በሩ ኋላ ገብታ እየተንቀጠቀጠች አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ ልትገዛ በወጣች ቁጥር «መርዶ ነጋሪዋ፣ ዛሬስ ማን ሞተ?» እያሉ ይጠይቋት ጀመር።

ሰው ሥራውን በፍቅር ይመርጣል የሚል ካለ ይህችን ሴት አያውቃትም። እሷ የመረጠችው በፍርሃት ነው። ከፍ ስትል አንድ መምህራቸው ክፍል ገብተው፣ «ግነት ማለት ነገርን ከልኩ በላይ አግዝፎ መናገር ነው፤ ተናጋሪው ቃሉ እንዲታመንለት ሳይሆን ስሜቱ እንዲታወቅለት ብሎ ነው» ሲሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ተኝታ የነበረችው ልጅ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ለካ የእናቷ ነገር ስም አለው! ስም ካለው ይለያል፤ ከተለየ ደግሞ ሁለተኛ አያሞኛትም። ከዚያ በኋላ አልቀራትም። ግዑዙን ነገር ሰው የሚያደርገውን ሰውኛን፣ አመስጋኝ መስሎ የሚወጋውን ምጸትን፣ የማይታረቁ ሁለት ነገሮችን አንድ አልጋ ላይ የሚያስተኛውን አያዎን፣ የሌለውን ሰው እንዳለ አድርጎ የሚጣራውን እንቶኔን፣ ሁሉንም ቃል በቃል ዋጠችው። ሌሎቹ ለፈተና አጠኑት፤ እሷ ለመዳን አጠናችው።

በዚህ መንገድ እናቷን መተርጎም ቻለች። «ሞትኩ» ማለት ደክሞኛል ማለት ነው፤ ሻይ። «ራሴ ለሁለት ተከፈለ» ማለት ራሴን አሞኛል ነው፤ ማስታገሻ ክኒን። «አንጀቴ ተጣበቀ» ምሳ ዘገየ ነው። «ላብድ ነው» መርፌ ተሰበረብኝ ነው። «ደረቴ ተሰነጠቀ» ቃር ነው፣ ውሃ ይበቃዋል። ሰው ሁሉ ትርጉሙን አግኝታለች ብሎ ሊያስብ ይችላል። ግን ጭንቀቱ መች ለቀቃት! በር ቆልፋ ሄዳ ተመልሳ የምትነካካ፣ ስልክ ሲጮህ ሳታነሳው ልቧ ድው የሚል ሰው ናት። ከሁሉም የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። አንድ ቀን እናቷ እውነቷን ቢሆንስ? እሷ «ግነት ነው» ብላ ሻይ ስታፈላ እናቷ ብትሞትባትስ? ብታምናት ሰው ይስቅባታል፤ ባታምናት እናቷን ታጣለች። በእነዚህ በሁለቱ መሃል ተሰቅላ ጸጉሯ መሸበት ጀመረ።

አግብታም ነበር፤ ተፋቱ። ባልየው «እወድሻለሁ ስላት ዘይቤው የትኛው ነው ብላ ትጠይቀኛለች» ብሎ ነው ጥሎ የሄደው ይባላል። ይህ እንኳ ሰው ያጋነነው ሳይሆን አይቀርም። ብቻ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋን ዘርግታ፣ የመኪናውን ኳኳታ እየሰማች የተማሪ ፈተና ታርማለች። መኪናው እስከጮኸ ድረስ እናቷ ደህና ናት። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ወደ ክፍሏ እንመለስ። የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌዎች የደረቁ ናቸው፤ ተማሪ ያስተኛሉ። እሷ ታዲያ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። «አንዲት ሴት አውቃለሁ» ብላ ትጀምራለች። «አንዲት ሴት አውቃለሁ፤ መርፌ ጣቷን ቢጭራት ‹በጦር ተወጋሁ› ትላለች። ምን ዘይቤ ነው?» «ግነት!» ይላል ክፍሉ። «ይህችው ሴት መቀሱ ሲደንዝባት ‹አንተ ዶማ፣ ጾሜን ልታውለኝ ነው?› ብላ ትቆጣዋለች። ምን ዘይቤ ነው?» «ሰውኛ!» «‹ዶማ› ያለችውስ?» «ተለዋጭ!» ልጆቹ እየሳቁ ይገባቸዋል፤ የገባቸውም አይጠፋባቸውም። «እናቴ» ብላ አንድ ቀን አልጠራቻትም። ማንም አያውቅም ብላ ነበር የምታስበው። አይ የዋህ! ከልጆቹ ግማሹ የለበሰው ዩኒፎርም የማን ስፌት ሆነና ነው!

አንድ ቀን የአንዷ ተማሪ እናት የልጇን ቀሚስ ልታስረዝም መጣች። ልብስ ሰፊዋ እናት ተንበርክካ እጥፋቱን ስትፈታ፣ ሴትየዋ ድንገት እጇን አጨበጨበች።

«እርስዎ ነዎት ለካ! ልጄ እኮ ስለ እርስዎ ስታጠና ነው የሰነበተችው። ‹በጦር ተወጋሁ› የሚሉት እርስዎ አይደሉ? ክፍሉ በሳቅ ነው የሚሞት አለችኝ። እስቲ አንድ ነገር ይበሉልኝ፣ እኔም ልስማ!»

ክፋት አልነበራትም፤ ወሬ ብቻ ነው ያንቀለቀላት። እናትየዋ ፈገግ አለች፣ ቀሚሱን ለካች፣ ሸኘቻት።

መምህርቷ ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪናው ይጮሃል። ደህና ናት ማለት ነው ብላ ገባች።

«ክፍልሽ ውስጥ ይስቁብኛል አሉ» አለች እናትየዋ፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ።

መምህርቷ ቦርሳዋ በእጇ እንዳለ ደረቀች። «በአንቺ አይደለም እማዬ። በምሳሌው ነው የሚስቁት። ስም ጠርቼ አላውቅም።»

«ምሳሌው ማን ነው?»

መምህርቷ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ እኮ እንዲያ የምናገረው ሰው እንዲስቅ ብዬ አይደለም» አለች እናትየዋ። መኪናውን አቆመች። «ሰው ዝም ብሎ ‹ደከመኝ› ቢል ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አንቺ ራስሽ፣ ‹ደከመኝ› ብልሽ ከወረቀትሽ ቀና አትይም። ‹ሞትኩ› ስልሽ ነው ሻይ የምታመጪው።»

«ይቅርታ እማዬ። በሞትኩት…»

«ግዴለም። ከዛሬ ጀምሮ ቃሌን እንደ ጨርቁ ለክቼ ነው የማወጣው። በስተርጅና መምህር ልጄን አሳፍሬ ልኑር እንዴ?»

የምትቀልድ መሰላት። አልቀለደችም።

እንግዲህ ያ ቤት ምን እንደሆነ ያየ ነው የሚያውቀው። «ሻዩ እንዴት ነው?» ትላታለች። «ይሞቃል።» «ሥራው በዛብሽ?» «በዛ።» «ደንበኛሽ መጣ?» «አልመጣም።» አለቀ። ከዚያ ኳ ኳ ኳ፣ መኪናው ብቻ። ጸጉር ሠሪዋ መንገዱን ተሻግራ መጥታ ጥቂት ከተቀመጠች በኋላ፣ መምህርቷን ወደ በሩ ጎትታ፣ «ምን ሆናብሽ ነው? አፏ ላይ ዚፕ ሰፋችበት እንዴ? ከእሷ ጋር ተቀምጬ እንደ ዛሬ ስልክ ያማረኝ ቀን የለም!» አለቻት።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ መምህርቷን ተመቻት። እናቷ ለካ ቢፈልጉ እንደ ሰው መናገር ትችላለች! አንድ አመሻሽ ላይ እናትየዋ ከወትሮው ቀደም ብላ መኪናዋን ሸፈነችና «ደከመኝ» አለች። መምህርቷ ፈተና እያረመች ነበር። «አይዞሽ፣ አረፍ በይ» አለቻት፤ ቀና አላለችም። እንዲያውም በልቧ እሰይ ብላለች፤ አንዴ እንኳ ሳትሞት ደከማት!

ሲውል ሲያድር ግን ምቾቱ ወደ ስጋት ዞረ። ትርጉሙ ሁሉ ጠፋባት። በፊት «ሞትኩ» ሲባል ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ አሁን «ደህና ነኝ» ሲባል ምን ይሁን? ተቀይማ ነው? ወይስ እውነትም ደህና ናት? አንድ ጠዋት ልትታረቅ ብላ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ አንቺን ምሳሌ አላደርግም» አለቻት። «ጥሩ ነው» አለች እናትየዋ። በቃ፣ «ጥሩ ነው»። ቀኑን ሙሉ ያቺን ቃል ይዛ ስትጨነቅ ዋለች። ጥሩ ነው ብሎ ጥሩ ነው አለ፤ ምጸት የሆነ ጥሩ ነውም አለ። ሰሌዳ ላይ ቢሆን እኮ ትለየው ነበር! ፊት ለፊቷ ቆማ የተናገረችው የገዛ እናቷ ስትሆን አቃታት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምራ ስትመለስ መኪናው አይሰማም። በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። ምንም። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

እናትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። አንድ ጫማዋን አውልቃለች፤ ሌላኛው እግሯ ላይ ነው። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ ነው፣ ግንባሯ ግን ወዝቷል። ብርድ ነበር እኮ!

«ምን ሆነሽ?»

«ደረቴን ትንሽ ይዞኛል።»

መምህርቷ ቆመች። ከነቦርሳዋ፣ በክፍሉ መሃል፣ ዝም ብላ ቆመች። «ደረቴ ተሰነጠቀ» ብትላት ታውቀው ነበር። «ልቤ ፈነዳ፣ አበቃልኝ» ብትላት ታውቀው ነበር። «ትንሽ» የሚለውን ግን ከዚህች ሴት አፍ ሰምታው አታውቅም። ኩርፊያ ይሆን? ልትቀጣኝ ይሆን? ወይስ ያው ትንሽ ነው?

«ትንሽ ማለት… ምን ያህል?»

«ትንሽ ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቅድም።»

ውሃ ጣደች። አይ መምህር! የተማረው ጭንቅላቷ ሌላ ምንም አልመጣለትም፤ ለማንኛውም ብላ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ አስቀመጠችና ቆማ ታየው ጀመር። ሮጣ ብትወጣ፣ ሰው ብትሰበስብ፣ እናቷ ደግሞ እንደዚያን ቀኑ ዳቦ እየገመጠች ብትገኝ! ፊቷ ጋለ። ጸጉር ሠሪዋ ዛሬም አለች፤ ባለሱቁም አለ፤ ሳቁም የሚጠፋ ሳቅ አይደለም።

ከኋላዋ እናትየዋ ቀስ ብላ ተናገረች። «ያንን ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁት። ተሳስቻለሁ።»

መምህርቷ ዞር አለች። እውነትም መኪናው ላይ ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፍቷል። ይህቺ ሴት በዕድሜዋ ተሳስታ አታውቅም። የሚሳሳተው ጨርቁ ነው፤ የሚሳሳተው መርፌው ነው፤ ከባሰም «ልብሱ ምን ያድርግ፣ አንገቱ ነው ጠማማ» ብላ ደንበኛውን ትሸኛለች። «ተሳስቻለሁ»! መምህርቷ በመማሪያ መጽሐፉ የዘይቤ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ያለችውን አጭር አንቀጽ አስታወሰች። «አሳንሶ መናገር፦ ነገሩ ሲገዝፍ ቃሉን ማሳነስ» ትላለች። ለፈተና አትመጣም እያለች በየዓመቱ የምትዘላት አንቀጽ ናት። እሳቱን አጠፋች፣ አጠፋች ወይስ አላጠፋችም አላወቀችም፣ ብቻ ሮጣ ወጣች።

ጸጉር ሠሪዋ በሯ ላይ ቆማ ፎጣ ታራግፋለች። ገና ስታያት ሳቅ አለች፤ የድሮ ልማዷ ነው። «መርዶ ነጋሪዋ! ዛሬስ ማን ሞተ?»

«እማዬን አሟታል!» አለች መምህርቷ። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። «ሳቂ፣ ግዴለም፣ ብቻ ታክሲ ጥሪልኝ! እናቴ ልትሞትብኝ ነው!»

የጸጉር ሠሪዋ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። ፎጣውን መሬት ላይ ጥላ ስልኳን ልታመጣ ገባች።

ታክሲው ውስጥ እናትየዋን ከመሃላቸው አስቀመጧት። ሹፌሩ መንገድ ሲዘጋበት ጥሩምባውን ሲያስጮህ፣ «ቀስ ይበሉ ወንድሜ፤ አስቸገርንዎት» አለችው እናትየዋ። መምህርቷ ይህን ስትሰማ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይህቺ ሴት መንገዱን ትረግመው፣ መኪናውን ትረግመው፣ ሹፌሩን «አንተ ቀንድ አውጣ!» ትለው ነበር እኮ!

ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጁን እየታጠበ ቀና ብሎ አየና «እናቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አለ።

«ደረቴን ትንሽ ይዞኛል ዶክተር። ልጄ ናት ያጋነነችው።»

«ሌላስ? እጅዎን?»

«ግራውን ደንዘዝ ያደርገኛል። ትንሽ።»

መምህርቷ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ዶክተር፣ ይቅርታ፤ እናቴ ጣቷን መርፌ ሲጭራት ‹በጦር ተወጋሁ› ነው የምትል። ሻይ ቢሞቅባት ‹ከሰልኩ› ነው የምትል። ‹ትንሽ› ስትል ሰምቻት አላውቅም። ተቀይማኝ ነው ቃሏን የቀነሰችው፣ እና… እኔ አላውቅም። ስንት እንደቀነሰች አላውቅም።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ፎጣውን ሳያስቀምጥ ነርሷን ጠራ። ሽቦ ያለውን መሣሪያ አመጡ፤ መጋረጃው ተሳበ፤ «እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» ተባለች።

ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ አግዳሚው ቀዝቃዛ። ጸጉር ሠሪዋ አጠገቧ ተቀምጣለች። እጇ ላይ የእናትየዋን አንድ እግር ጫማ ይዛለች፤ ከቤት ጀምሮ ይዛው እንደመጣች ራሷም አላወቀችም። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ «ጤና ሀብት ነው» ተብሎ ተጽፏል። ተለዋጭ ዘይቤ፣ አለች መምህርቷ በሆዷ። ወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ በስልክ፣ «ሐኪሞቹ ልባችንን ሰቅለውት ጠፉ» ይላሉ። ይኼኛውስ ፈሊጥ ነው? ግነት ነው? ኧረ በፈጣሪ፣ ተዪኝ! አለች ለገዛ ጭንቅላቷ። ጭንቅላቷ ግን አይሰማም፤ ሰው በተናገረ ቁጥር እየለቀመ ይለያል፣ ይሰይማል፣ በየሳጥኑ ይከታል። ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህች ሰዓት ነበር፤ ለዚህች ሰዓት ደግሞ ምንም አልጠቀመኝም ብላ አሰበች። እናቴን አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

«አትንቀጥቀጪ» አለቻት ጸጉር ሠሪዋ።

«እየተንቀጠቀጥኩ አይደለም።»

«እሺ፣ አይደለም» አለች ጸጉር ሠሪዋ፤ የአንገት ልብሷን አውልቃ ጣል አደረገችባት።

ሐኪሙ ሲመጣ መምህርቷ ብድግ አለች። ሊያስቀምጣት ፈለገ፤ እምቢ አለች።

«በግልጽ ይንገሩኝ። ሳያለሰልሱ።»

«እሺ። ከልባቸው ጡንቻ አንዱ ክፍል ደም አጥቶ ሞቷል። የሞተው አይመለስም። የቀረው ይበቃቸው እንደሆነ በእነዚህ በሁለት ቀናት ውስጥ ይታወቃል። ሊተርፉ ይችላሉ። ላይተርፉም ይችላሉ። ከተረፉም የእግር መኪና የሚባል ነገር አይነኩም።»

ይህ ሁሉ ቃል ልክ እንደተባለው ነው። «ሞቷል» ማለት ሞቷል ነው። ልትተረጉመው ብትፈልግ የሚተረጎም ነገር የለበትም።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሕመሙ የዛሬ አይደለም። ነርሷ ስትጠይቃቸው ‹ሰንብቶብኛል፤ ግን ትንሽ ስለሆነ ሰው አላስቸገርኩም› ብለዋታል። ድካም አልነበራቸውም?»

«ነበራት» አለች መምህርቷ። «ደከመኝ ብላኛለች።» እንባዋ መጣ፤ መለሰችው፤ ደግሞ መጣ። ደከመኝ ብላኛለች፤ እኔ ግን ቀና አላልኩም።

«ገብተው ሊያዩዋቸው ይችላሉ። እንዳይረበሹ ብቻ።»

ፊቷን በጸጉር ሠሪዋ የአንገት ልብስ ጠረገች። ከመጋረጃው በፊት ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

እናትየዋ ትንሽ ሆና ተኝታለች። አልጋው ሰፊ ነው፣ ሽቦው ብዙ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቀውባታል። ያለ ሜትር አንገቷ ቀጭን ነው። መምህርቷ ይህን እስከዛሬ አላየችውም።

«መጣሽ?» አለች እናትየዋ።

«መጣሁ።»

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ምንም… ደህና ነሽ አለኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ አይደለሁም፣ እናትሽ ነኝ። የሰማሽውን ንገሪኝ። አንቺ እንደሆንሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቀጥተኛ ነሽ፤ ከቃል ላይ ጨምረሽ አታውቂም። ንገሪኝና ልወቀው።»

መምህርቷ አፏን ከፈተች። ልትነግራት ነው፤ ሐኪሙ እንዳላት ቃል በቃል ልትነግራት ነው። ከልብሽ አንዱ ክፍል ሞቷል። የቀረው ይበቃሽ እንደሆነ አይታወቅም። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፣ ምንም ዘይቤ የለባቸውም፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሰዋል። የእናቷን ዓይን አየች። አልወጡም።

«ምን ይለኛል እማዬ!» አለች። ድምጿ ከፍ አለባት። «ምን ይላል ብለሽ ነው! ይህቺ ሴት ብረት ናት አለ! እንደዚህ ያለ ልብ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም አለ። ሺህ ዓመት ትኖራለች፤ እኔንም አንቺንም፣ ይህን ሆስፒታል በሙሉ፣ ከነጥበቃው ቀብራን ነው የምትሄድ አለ!»

እናትየዋ አላቋረጠቻትም። ትራሱ ላይ ጭንቅላቷን ወደ እሷ መለስ አድርጋ፣ ልብስ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ቁመት ስትገምት እንደምታየው አድርጋ አየቻት፤ ከግንባሯ እስከ እጇ፣ ከእጇ እንደገና እስከ ዓይኗ።

«እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አለ።»

«ሺህ ዓመት?»

«ሺህ ዓመት።»

እናትየዋ ዓይኗን ጨፈነችና ገለጠች። «እንዲያ ከሆነማ በጣም ታምሜያለሁ» አለች ቀስ ብላ።

መምህርቷ ከንፈሯን በጥርሷ ነከሰች። እናትየዋ ሽቦ የሌለበትን እጇን አንሥታ ልጇን አንገቷ ላይ ያዘቻትና ወደ ራሷ ሳበቻት።

«ነይ» አለቻት። «አልቅሺ፣ ምንም አይደለም። እኔ እዚሁ ነኝ።»